እስትንፋስ ሲያጥር ሕዋስ ምን ያደርጋል?

ሰው እህል ሳይቀምስ ሳምንታት፥ ውሃ ሳይጠጣ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። አየር ካጣ ግን ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን «አየር ለምን ያስፈልጋል?» ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን «ለሳምባ ነዋ!» ብለን ነገሩን እዚያው ላይ እንዘጋዋለን። ሳምባ ግን በር ነው እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ደምም ተሸካሚ ነው እንጂ ተመጋቢ አይደለም። የኦክሲጅን እውነተኛው ተመጋቢ በዓይን የማይታየው ሕዋስ ነው። አንጎልም ሆነ ጡንቻ፥ ጉበትም ሆነ ቆዳ፥ የሰውነታችን ክፍል ሁሉ የእነዚህ ሕዋሳት ማኅበር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል። ሰው ወደ ከፍተኛ ተራራ ሲወጣ፥ ወይም የደም ሥር ሲዘጋበት፥ ወይም ሳምባው ሲታመም ኦክሲጅን ያጥራል፤ በዚያን ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ምን ይደረጋል? ዝም ብሎ ሞቱን ይጠብቃል ወይስ የሚያደርገው ነገር አለው? መልሱ በራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ኋላም እንደምናየው የሰሜንን ተራሮች ነዋሪ፥ የኩላሊት ሕመምተኛንና የካንሰር ሕመምተኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። ስለዚህ እኛ የአርትስ ተማሪዎች «ይህስ የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም። ያለ ቀመርና ያለ ሥዕል በተራ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገቢና ወጪ

ሕዋስ ሥራውን ሁሉ የሚያሠራበት ገንዘብ አለው፤ ስሙም ኤ ቲ ፒ ይባላል። ጡንቻ ሲኮማተር፥ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፥ አንዱ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል፥ ሒሳቡ የሚከፈለው በዚህ ነው። ይህ ገንዘብ በሣጥን ተቆልፎ ለዓመት የሚቀመጥ አይደለም፤ በየሴኮንዱ ይመረታል፥ በየሴኮንዱም ይወጣል። አንዲት የግሉኮስ ማለት የስኳር ቅንጣት ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል በኦክሲጅን እርዳታ እስከ መጨረሻው ስትቃጠል ወደ 30 የሚጠጋ ኤ ቲ ፒ ትሰጣለች። ኦክሲጅን ከሌለ ግን ከዚያችው ቅንጣት የሚገኘው ትርፍ 2 ብቻ ነው። ገቢው ከ30 ወደ 2 ወረደ ማለት ነው። ወጪው እንደ ነበረ ከቀጠለ ቤቱ መክሰሩ አይቀርም።

ከወጪዎቹ መካከል ከባድ ከሆኑት አንዱ ፕሮቲን መሥራት ነው። ፕሮቲን ሲባል በገበታ ላይ የምናውቀው የሥጋና የምስር ነገር ብቻ አይደለም። ከሕዋሱ ሠራተኞች፥ መሣሪያዎችና ምሰሶዎች አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ትእዛዙ ዲ ኤን ኤ በሚባለው መዝገብ ላይ ተጽፎ በኒውክለስ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ መዝገብ አስፈላጊው ክፍል ብቻ ይገለበጣል፤ ቅጂውም መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል። መልእክተኛው ከኒውክለስ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው ፋብሪካ ይሄዳል፤ ራይቦዞሙም ቅጂውን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ ይሰካል።

እያንዳንዱን ዶቃ ለመሰካት የሚወጣው ኃይል 4 ኤ ቲ ፒ ያህል ይመዝናል። ለምሳሌ ያህል በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 574 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስለዚህ አንድ ሄሞግሎቢን ብቻ ለመሥራት ወደ 2300 የሚጠጋ ኤ ቲ ፒ ይጠፋል። በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ደግሞ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን ይገኛል። አንባቢ ቀሪውን ሒሳብ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። ኦክሲጅን ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቆረጠው በጀት የፕሮቲን ሥራ የሆነበት ምክንያት ከዚህ ይታያል።

ቁጠባው

ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል ብልህ የቤት እመቤት የምታደርገውን እናስታውስ። ድግሱን ታስተላልፋለች፤ ጠላውን ትተዋለች፤ እንጀራውን ትመጥናለች። ለዘር የተቀመጠውን እህል ግን ርኃቡ ቢበረታም አትነካውም፤ እሱ ከተበላ የሚመጣው ዓመት አብሮ ተበላ ማለት ነውና። ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ሥራ ያቆማል፤ ነገን የሚያሳይ ሥራ ግን አያቆምም።

ሥራውን የሚያቆምባቸው ሁለት ዋና ልጓሞች አሉት። የመጀመሪያው ኤምቶር በሚባል ፕሮቲን በኩል ያልፋል። ኤምቶር በደኅና ቀን «ምግብም ኃይልም አለ፤ ሥሩ!» እያለ ፋብሪካዎቹን የሚያተጋ ነው። ኦክሲጅን ሲያጥር ድምፁ ይዘጋል። እሱ ዝም ሲል፥ እስከዚያ ድረስ እጁ ታስሮ የነበረ ሌላ ፕሮቲን ይፈታል። ይህም የተፈታው ፕሮቲን የመልእክተኛውን አር ኤን ኤ ራስ ይዞ ወደ ራይቦዞም የሚያስገባውን አስተናጋጅ ጨብጦ ይይዘዋል። አስተናጋጅ ያጣ መልእክተኛ ደጅ እንደ ጠና ይቀራል።

ሁለተኛው ልጓም ፐርክ ይባላል። ፕሮቲን ዶቃው ስለ ተሰካ ብቻ ሥራው አያልቅም፤ በትክክል መታጠፍ አለበት። ኦክሲጅን በጣም ሲያንስ እጥፋቱ ይበላሻል፤ የተበላሸውም ይከማቻል። ፐርክ ይህን ሲያይ ወደ ራይቦዞም የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ የሚያመጣውን አጋዥ ፕሮቲን ፎስፌት በሚባል ምልክት ያትመዋል። የታተመው አጋዥ ሥራውን በወጉ መሥራት ስለማይችል አዲስ ሥራ የሚጀምረው ፋብሪካ በጣም ጥቂት ይሆናል።

ታዲያ ሁሉ ነገር ከቆመ ሕዋሱን ከችግር የሚያወጡት ፕሮቲኖች እንዴት ሊሠሩ ይችላሉ? እዚህ ላይ ነው የተፈጥሮ ብልኀት የሚታየው። ኤ ቲ ኤፍ 4 የሚባል፥ በችግር ቀን የሚያስፈልጉ ጂኖችን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን አለ። የእርሱ መልእክት ከዋናው ትእዛዝ በፊት አጫጭር የማሳሳቻ መስመሮች አሉበት። በደኅና ቀን ራይቦዞሙ በማሳሳቻው መስመር ላይ ሥራ ይጀምርና ዋናውን ሳያነብ ይለቃል። የፐርክ ልጓም ሲጠብቅ ግን ራይቦዞሙ ሥራ ለመጀመር ይዘገያል፤ በመዘግየቱም ማሳሳቻውን ሳያነብ አልፎ ከዋናው ትእዛዝ ላይ ይደርሳል። ሌሎቹን መልእክቶች የዘጋው ልጓም ለዚህኛው በር ከፈተለት ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በ2012 በካናዳ የኦታዋ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። የተለመደው አስተናጋጅ በተያዘ ጊዜ እርሱን የሚመስል ሌላ አስተናጋጅ ቦታውን ይተካል። ይህ ምትክ ግን የመጣውን ሁሉ አያስገባም፤ ለኦክሲጅን እጥረት የሚጠቅሙትን የተለየ ምልክት ያለባቸውን መልእክቶች መርጦ ያስገባል።

የማይተኛው ዘበኛ

ከዚህ በላይ የተገለጠው ያለውን መልእክት ማስተናገድን ወይም መከልከልን የሚመለከት ነው። ከዚህ ጠልቆ ደግሞ መዝገቡ ራሱ፥ ማለት የትኛው ትእዛዝ ይገልበጥ የሚለው ጉዳይ አለ። የዚህ ኃላፊ ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ነው።

የሂፍ ታሪክ የሦስት ሰዎች ታሪክ ነው፤ ሦስቱም በተለያየ በር ገብተው አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። አሜሪካዊው ግሬግ ሰመንዛ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚመረምረው ኤሪትሮፖየቲን (ባጭሩ ኢፖ) የተባለውን ሆርሞን ጂን ነበር። ኢፖ ከኩላሊት ተነሥቶ መቅኔን «ቀይ የደም ሕዋስ ጨምር» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ራትክሊፍ በኦክስፎርድ የኩላሊት ሐኪም ነበር፤ እርሱም ይህንኑ ጂን ይከታተል ነበር። ሁለቱም ኦክሲጅንን የመለየት ችሎታ የኩላሊት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓይነት ሕዋሳት መሆኑን ደረሱበት። ሦስተኛው ዊልያም ኬሊን በቦስተን የካንሰር ሐኪም ሲሆን፥ የሚመረምረው ቮን ሂፕል ሊንዳው የተባለ፥ ከዘር የሚወረስና ብዙ ዕጢ የሚያስከትል ብርቅ በሽታ ነበር። የበሽታው መንሥኤ ቪ ኤች ኤል የተባለ ጂን መበላሸት ነው።

ሰመንዛ ሂፍን በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገኘው፤ በ1995ም የተሠራባቸውን ክፍሎች ለይቶ አሳወቀ። በ1999 የራትክሊፍ ቡድን ሂፍ እንዲፈርስ ቪ ኤች ኤል የግድ አስፈላጊ መሆኑን አስረዳ። በ2001 ደግሞ የኬሊንና የራትክሊፍ ቡድኖች የጎደለውን ቁልፍ በአንድ ጊዜ አገኙ። ሦስቱም በ2019 የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሕዋሱ ሂፍን ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ሂፍ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ የሚጠብቁት ኤንዛይሞች አሉ። እነዚህ ኤንዛይሞች ኦክሲጅንን ወስደው ሂፍ ላይ በሁለት ቦታ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱን ያየ ቪ ኤች ኤል ይይዘዋል፤ «ይፍረስ» የሚል ማኅተም ይለጠፍበታል፤ ሕዋሱም በደቂቃዎች ውስጥ ያፈርሰዋል። አሁን ኦክሲጅን ቢያጥርስ? ኤንዛይሞቹ ምልክት የሚያደርጉበት ኦክሲጅን የላቸውም፤ ቪ ኤች ኤል የሚይዘው ምልክት አያገኝም፤ ሂፍም ሳይፈርስ ይከማችና ወደ ኒውክለስ ይገባል። እዚያም ከባልንጀራው ጋራ ተጣምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ኢፖ እንዲመረት፥ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፥ ስኳር ያለ ኦክሲጅን የሚቃጠልበት መንገድ እንዲሰፋ፥ ሚቶኮንድሪያም ኦክሲጅንን በቁጠባ እንዲጠቀም ያደርጋል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይቃወም ይሆናል። «አሁን ስለ ቁጠባ ስትነግረን ነበር፤ ፕሮቲንን እየሠሩ ወዲያው ማፍረስ ከዚህ የበለጠ ምን ብክነት አለ?» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሱ ጊዜ ነው። ሕዋሱ ሂፍን መሥራት የሚጀምረው ችግር ከመጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ፥ ትእዛዙ እስኪገለበጥና ፕሮቲኑ እስኪሠራ አደጋው ቀድሞት ይደርስ ነበር። አሁን ግን የሚያስፈልገው ማፍረሱን መተው ብቻ ነው። ቤቱ በእሳት ከተያያዘ በኋላ ዘበኛ መቅጠር አይጠቅምም፤ ደመወዙ በሰላሙም ቀን መከፈል አለበት። በዚህ ላይ ደግሞ ችግሩን የሚያሳውቅ የተለየ መልእክተኛ አያስፈልግም፤ የኦክሲጅን መታጣት ራሱ መልእክቱ ነው።

ደጋና ደም

ይህ ሁሉ እኛን የሚመለከተን በመርከብ ከመጣ መጽሐፍ ስላነበብነው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከዚያም በላይ በሰሜን ተራሮችና በባሌ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። በአየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 ከመቶ ያህል ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ3500 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል።

የቆላ ሰው ወደዚያ ሲወጣ ሂፍ ይነሣል፥ ኢፖ ይበዛል፥ ከሳምንታት በኋላም ደሙ በቀይ ሕዋሳት ይወፍራል። ለጥቂት ጊዜ ይህ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን የወፈረ ደም በደም ሥር ውስጥ መዞር ይቸግረዋል፤ ልብንም ያደክማል። የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ በ1925 በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ይህንኑ በሽታ ገልጦ ጽፎአል። ስለዚህ ዘበኛው ሁልጊዜ ቢጮህ ቤቱ ሰላም አያገኝም።

በዓለም ላይ ለብዙ ሺሕ ዓመታት በከፍታ የኖሩ ሦስት የታወቁ ሕዝቦች አሉ፤ የአንዲስ፥ የቲቤትና የኢትዮጵያ ደገኞች። ሦስቱ አንድ ዓይነት መፍትሔ አላገኙም። የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን አበዙ፤ በ4000 ሜትር ገደማ የወንዶቹ አማካይ በዴሲሊትር ደም ወደ 19 ግራም ይደርሳል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን በአንጻሩ ከቆላ ሰው ብዙም አይለይም፤ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን መጠን ግን ዝቅ ያለ ነው። በ2010 የወጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት፥ በቲቤት ሰዎች ላይ የተለየ ሆኖ የተገኘው አንዱ ጂን ከሂፍ ዓይነቶች የአንዱ ጂን ነው፤ ዘበኛውን ማለዘብ ተማሩ ማለት ነው።

የእኛስ? አሜሪካዊትዋ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦችዋ በ2002 ባወጡት ጥናት በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መረመሩ። የሄሞግሎቢን አማካይ ለወንዶች 15.9፥ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ከኦክሲጅን ጋራ የተያያዘው ሄሞግሎቢንም 95.3 ከመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠረፍ የሚኖር ጤነኛ ሰው ቁጥሮች ናቸው። ደሙም አልወፈረም፤ ኦክሲጅኑም አላነሰም። በ2012 በአማራና በኦሮሞ ደገኞች ላይ የተደረጉት የጂን ጥናቶች ያመለከቷቸው ጂኖችም ከቲቤት የተለዩ ናቸው፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ከሂፍ መንገድ ጋራ የተያያዙ ናቸው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እኛ ለሩጫ ተፈጥረናል» ብሎ መኩራራት ስሕተት ነው። በ1968 ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከተማ በ2240 ሜትር ከፍታ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ደጋ ማደጉ ሳይጠቅመው አልቀረም ይሆናል። ሆኖም ደጋ ያደጉት ሚሊዮኖች ናቸው፤ ማራቶኑን ያሸነፈው አንድ ነው። ጂን ላብን አይተካም።

በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ

የሂፍ ዕውቀት ዋጋው የሚታወቀው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ኢፖ ስለሚያንሰው ደሙ ያንሳል። ከ1989 ጀምሮ በፋብሪካ የተሠራ ኢፖ በመርፌ ይሰጣል። ሂፍ ከታወቀ በኋላ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ይኸውም ሂፍን ምልክት የሚያደርጉበትን ኤንዛይሞች በሚዋጥ መድኃኒት መያዝ ነው። ሕዋሱ ተራራ የወጣ መስሎት የራሱን ኢፖ ያመርታል። ከነዚህ መድኃኒቶች ሮክሳደስታት የተባለው በ2018 በቻይና ተፈቀደ።

የነገሩ ሌላ ገጽታም አለ። የካንሰር ዕጢ በፍጥነት ስለሚያድግ ውስጡ ኦክሲጅን ያጣል፤ በዚህም ጊዜ ጤነኛው ሕዋስ ለመዳን የሚጠቀምበትን ብልኀት ሁሉ ለራሱ ያውለዋል። ደም ሥር ያስበቅላል፤ ወጪውን ይመጥናል፤ ችግሩንም አልፎ ያድጋል። በብዙዎቹ የኩላሊት ካንሰሮች ላይ ቪ ኤች ኤል ተበላሽቶ ስለሚገኝ ሂፍ ኦክሲጅን በሞላበት ቦታ እንኳ አይፈርስም። እዚህ ላይ የሚፈለገው ሂፍን ማንቃት ሳይሆን ማስተኛት ነው። ይህን የሚያደርግ ቤልዙቲፋን የተባለ መድኃኒት የቮን ሂፕል ሊንዳው ሕመምተኞችን ዕጢ ለማከም በ2021 በአሜሪካ ተፈቀደ። አንዱ ሕመምተኛ ዘበኛው እንዲነቃለት፥ ሌላው ዘበኛው እንዲተኛለት ይፈልጋል፤ የትኛው ለማን እንደሚያስፈልግ የሚለየው ዕውቀት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ምንድር ነው? ኬሊን የመረመረው ጥቂት ቤተ ሰቦችን ብቻ የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነበር፤ የተገኘው ግን ሕዋስ ሁሉ የሚተነፍስበት ሕግ ሆነ። «ይህ ለድኻ አገር ምን ይረባል?» እያልን ጥያቄን በቅርብ ጥቅም ብቻ የምንመዝን ይህን ልናስብበት ይገባል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አንድ ጋን ኦክሲጅን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ዓለም ሁሉ አይቶታል።

ሁለተኛም፥ የደጋው ሰው ደም ለዓለም የሚነግረው ነገር አለው። ስለ እርሱ የታወቀው አብዛኛው ከሩቅ በመጡ ሰዎች የተለካ ነው፤ ለልፋታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የገበሬውን ቋንቋ የሚያውቅ፥ መንደሩ መቼ እንደ ተቆረቆረ የሚጠይቅ፥ ቤተ ሰቡ ከቆላ መቼ እንደ ወጣ የሚመዘግብ ካልተጨመረበት ቁጥሩ ብቻውን ታሪኩን አይናገርም። ይህ ደግሞ የላቦራቶሪ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የታሪክ፥ የቋንቋና የጂኦግራፊ ተማሪ ሥራም ነው። ስለዚህ በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ደጋ የሚሄድ ጓደኛችን ሽማግሌዎቹን ሲያነጋግር፥ አያቶቻቸው ወደዚያ ተራራ መቼና ከየት እንደ ወጡ ጠይቆ ቢጽፍልን፥ ለባዮሎጂ ተማሪው ባልንጀራው ከማይክሮስኮፕ የማይገኝ ማስረጃ ሰጠው ማለት ነው።